ስትደርሱ ሞተሩ ከሞቀ፣ ትራክተሩን አትግዙ

አዳማ ዙሪያ አሮጌ ትራክተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔና አባቴ የተበላንበት ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት ከሞጆ መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ማሴይ ፈርጉሰን 240 አየን። ቀለሙ ገና አዲስ ነው። ቁልፉ ሲዞር በአንዴ ተነሳ። የአባቴ ፊት በራ፤ ዕድሜውን ሙሉ በበሬ ነው ያረሰው። በ650 ሺህ ብር ተስማማን። ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ቃል ነበረበት። ፈረምን።

አንድ ነገር ግን አይቼ ዝም አልኩ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስንደርስ ሞተሩን በእጄ ብነካው ትኩስ ነበር። ከእኛ በፊት አስነስተው አሙቀውታል።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረ። ዘይት ይጠጣል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍተው ጭሱ እንደሚፈላ ጀበና ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አንድ የቆዩ መካኒክ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ ፈቱልን። ሦስተኛው ሲሊንደር (ፒስቶኑ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለስበት ቀዳዳ) ውስጥ፣ ፋሻዎቹ (ፒስቶኑን የከበቡት የብረት ቀለበቶች) የሚያርፉበት ቦታ ላይ፣ ዙሪያውን የዝገት ጠባሳ አለ። ጥፍሬን ሳስኬደው ይይዘኛል። ፒስቶኑ ሲወጣ ሁለት ፋሻ ተሰብሯል። «ልጄ፣ ይሄ ሞተር ተጣብቆ የነበረ ነው። በጉልበት ነው ያላቀቁት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራክተር ዓመታት ሜዳ ላይ ሲቆም፣ ሽቅብ የቆመው ጭስ ማውጫ ካልተከደነ ዝናብ ይገባበታል። ቫልቩ (የጭሱ መውጫ በር) ክፍት ወደሆነው ሲሊንደር ይወርድና ፋሻውን ከካሚቻው፣ ማለትም ከሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር፣ በዝገት ያጣብቀዋል። እንዲህ ያለው ሞተር በወጉ ሊላቀቅ ይችላል። ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ይወጣሉ፤ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ይጨመራል። አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ደባልቀው የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። ከዚያ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይጠበቃል። ቀጥሎ ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ ትንሽ ማነቃነቅ ነው። እምቢ ካለ ቴስታታው ይነሳል። ቢላቀቅም እንኳ ፋሻውና ካሚቻው ሳይታዩ ሥራ ላይ አይውልም።

ለመሸጥ የቸኮለ ሰው ይህን አይጠብቅም። ማርሽ አስገብቶ በሌላ ትራክተር ያስጎትተዋል። ፋሻ ይሰበራል፣ ካሚቻ ይፋቃል፣ ፒስቶኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢዬላውም፣ ሊጣመም ይችላል። ወፍራም ዘይት ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ አሙቆ ይጠብቃችኋል። ሞተር ሲሞቅ እንኳን ደህናው የተጎዳውም በቀላሉ ይነሳል።

ስለዚህ ቀድማችሁ «እስክመጣ እንዳታስነሱት» በሉ። ሞቆ ካገኛችሁት በሌላ ቀን ተመለሱ፤ ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው። ቀዝቃዛውን አስነስታችሁ ጭሱን እዩ። የዘይቱን መለኪያ አውጡ፤ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ማረሻ አስገጥማችሁ ግማሽ ሰዓት እረሱበት። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር አምቆ የሚይዝበትን ጉልበት) መለካት የሚችል መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛ ለእሱ የምንከፍለውን ቆጥበን ነው እዚህ የደረስነው። «ተጣብቋል፣ ግን በአንድ ቀን ይላቀቃል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ፣ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ እንደሚታደስ አስባችሁ ዋጋ ስጡ።

ከተበላችሁም በኋላ ዝም አትበሉ። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ጉድለቱን እያወቀ ለደበቀ ሻጭ መሸሸጊያ አይሆንም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ይላል። ችግሩን እንዳያችሁ ሳትዘገዩ ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ። የተሰበረውን ፋሻ አትጣሉ፣ ፎቶም አንሱ። እኛ ሁለት ወር በስልክ ስንለማመጥ ቆየን፤ አሁን ጠበቃ ይዘናል።

ትራክተሩ ግቢያችን ቆሟል፣ ካሚቻና ፋሻ እየፈለግንለት ነው። ክረምቱ ስለገባ አባቴ ጭስ ማውጫው ላይ ጣሳ ደፍቶበታል።