ጥንቸሎቹ ወይስ አይጦቹ፦ ለወጣት አንባቢ የቱ ይቀድማል?

የሪቻርድ አዳምስ «ዋተርሺፕ ዳውን» (እ.ኤ.አ. 1972) እና የብራያን ጄክስ «ሬድዎል» (እ.ኤ.አ. 1986) ሁለቱም እንግሊዛውያን ደራስያን ለልጆች ጆሮ ያሰናዷቸው የእንስሳት ጀብዱዎች ናቸው። አዳምስ ታሪኩን በመኪና ጉዞ ላይ ለሴት ልጆቹ ሲተርክ ጀመረ፤ ጄክስ ደግሞ በሊቨርፑል ለሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልጆች ጻፈ።

ልዩነታቸው ከዚሁ ይመነጫል። ጄክስ የሚጽፈው ማየት ለማይችል አድማጭ በመሆኑ አይጦቹ የሚኖሩበት የሬድዎል ገዳም ግብዣ ሽታና ጣዕም፣ የፍልፈሎቹም አነጋገር ሳይቀር በቃላት ተስሎ ይቀርባል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ክፉና ደጉን ወዲያው ለይቶ ከትንሿ አይጥ ከማታያስ ጎን ይሰለፋል። የአዳምስ ጥንቸሎች ግን ልብስ አይለብሱም፣ ሰይፍ አይመዙም፤ የራሳቸው ቋንቋና ተረት ያላቸው፣ ከአራት በላይ ያለውን ሁሉ «ብዙ» ብለው የሚቆጥሩ፣ መኖሪያቸው ለቤት ግንባታ ሊፈርስ መሆኑን አንዱ አስቀድሞ ስለተሰማው የሚሰደዱ እውነተኛ አውሬዎች ናቸው። ከጥንቸሎቹ አንዱ ቢግዊግ በሽቦ ወጥመድ ተይዞ የሚታነቅበት ክፍል ትንንሽ ልጆችን ሊያስደነግጥ ይችላል (አዋቂንም ጭምር)፤ ሆኖም ጥንቸሉ ሃዘል በጉልበት ሳይሆን በማዳመጥ መሪ የሚሆንበት መንገድ ከማታያስ ጀግንነት የበለጠ ጥልቀት አለው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለአሥር ዓመት ልጅ «ሬድዎል»ን፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ዋተርሺፕ ዳውን»ን እመርጣለሁ። የመጀመሪያውን የወደደ ልጅ ከተከታታዩ ገና 21 መጻሕፍት ይጠብቁታል።