ቦርሳውን ሳይከፍት «ሮቶው የት ነው?» ያለኝ የቧንቧ ሠራተኛ

ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን የገዛሁት ለእናቴ ነው። በደሴ ብርድ እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ስታጥብ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር። መታጠቢያ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ማሽኑን ኩሽና ውስጥ፣ ሲንኩ አጠገብ አስቀመጥነው። የቀረው ውሃውን ወደዚያ መሳብ ነበር።

የመጀመሪያው ሠራተኛ ከሲንኩ መስመር ላይ በቲ (መስመሩን ለሁለት በሚከፍል መገጣጠሚያ) ቀጥሎ በግማሽ ቀን ጨርሶ ሄደ። ማሽኑን ስንከፍተው ግን ሊሞላ አልቻለም። ውሃው ይንጠባጠባል፣ የገባውም በፍሳሽ ቱቦው ተመልሶ ይወጣል። ደውዬ ስነግረው «ፓምፕ ግዢ» አለኝ። እናቴ «አብሽሪ፣ በእጄ አጥባለሁ» ስትለኝ የባሰ አዘንኩ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ሆጤ ካለ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ነው። ወጣት ልጅ ነው። ገና ከበር ሲገባ «እትዬ፣ ሮቶው የት ነው?» አለኝ። ከዚያ ባለ 10 ሊትር ባልዲ አስመጣና ቧንቧውን ከፍቶ በስልኩ ሰዓት ያዘ። አራት ደቂቃ ፈጀ። የድሮውን የብረት ቱቦ ቆርጦ ሲያሳየኝ ደነገጥኩ። ግማሽ ኢንች የነበረው ቀዳዳ በዝገት ተደፍኖ እስኪርቢቶ እንኳ በግድ ነው የሚያስገባው።

የማሽኑን መመሪያም አነበበው። ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይላል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ስለሚሰጥ፣ ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የእኛ ሮቶ ሁለት ሜትር የብረት ማቆሚያ ላይ ነበር። ግን ግቢያችን እንደ ብዙው የደሴ ግቢ ዳገት ነው። ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ ከኩሽናው እስከ ጓሮው ጫፍ ያለውን የከፍታ ልዩነት ለካ። ሮቶው ከነማቆሚያው ወደ ላይኛው ጓሮ ቢዛወር 6 ሜትር ይሆናል። ፓምፕ አላስፈለገም! ከሮቶው እስከ ኩሽና በ25 ሚሊሜትር ፒፒአር (የፕላስቲክ ቱቦ) አዲስ መስመር ዘረጋ፤ መገጣጠሚያዎቹን በማሽን አቅልጦ አያያዛቸው። ለማሽኑ ብቻ የሚዘጋ ቫልቭም አስገባ። መሬት ላይ ተጥሎ የነበረውን የፍሳሽ ቱቦ ወደ 80 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ አሰረው። ዝቅ ብሎ ሲቀር ውሃውን ራሱ ስቦ ያወጣዋል አለኝ። ለካ ያ ሁሉ ውሃ የሚያልቀው በዚህ ነበር።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። እዚያ ላይ ይደርሳል ወይ? ልጁ በፈረቃችን ማግስት ጠዋት ተመልሶ መጣ። ሮቶው ሞልቶ ነበር። ባልዲውን እንደገና ሞላው፤ 55 ሰከንድ።

ቅር ያለኝም አለ። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ሰኞ ነው የመጣው። የቆፈረውን ግድግዳ በሲሚንቶ ደፈነው እንጂ አላለሰለሰውም። ሮቶው ሥር ሁለት ሜትር ያህል ቱቦ ፀሐይ ላይ ቀርቷል። ፒፒአር ፀሐይ ስለማይወድ እኔው ጠቀለልኩት። ለጉልበቱ 4,500 ብር ከፈልኩ፤ ዕቃውን አብረን ሄደን ነው የገዛነው። ብሩ አልቆጨኝም።

እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ የኔን ልብስ ብቻ ነበር የምታስገባው። ትናንት ጋቢዋን ከተተች። ወንበር ስባ ማሽኑ ፊት ተቀመጠችና እስኪጨርስ ድረስ አልተነሳችም።