ካልሲዬን አውልቀው እግሬን ላዩልኝ ዶክተር (ኢንሹራንስ የሌላችሁ እባካችሁ አንብቡት)

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ የሰው ፖስት አንብቤ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ጽፌ አላውቅም፣ ግን ይሄንን ካልጻፍኩ ህሊናዬ አያርፍም። አርሊንግተን ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ ሀበሻው ብዙ ነው። ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ነኝ፣ ማታ ደግሞ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ሁለቱም ጋ ፓርት ታይም ነው የያዙኝ፣ በሳምንት 30 ሰዓት እንዳይሞላ አርገው ነው የሚመድቡኝ ስለዚህ ከአንዱም ኢንሹራንስ የለኝም። ሁለት ስራ እየሰራሁ ማለት ነው።

ስኳር እንዳለብኝ ያወቅኩት ከሶስት አመት በፊት ነው፣ ያኔ የምሰራበት ቦታ ኢንሹራንስ ነበረኝ፣ ስራው ሲዘጋ ኢንሹራንሱም አብሮ ሄደ። መድኃኒቱን የተወሰነ ወር ከኪሴ ገዛሁ፣ ከዛ አንዱን ኪኒን ለሁለት እየሰበርኩ መዋጥ ጀመርኩ፣ ከዛ ቀን መዝለል፣ በመጨረሻ በቃ ተውኩት። የሽፈራው ሻይ ጠጣ አሉኝ ጠጣሁ፣ አብሽ አሉኝ አብሽ ጠጣሁ። እናቴ ደሴ አካባቢ ነው ያለችው፣ ስደውልላት "ጤናህ እንዴት ነው ልጄ" ስትለኝ "ደህና ነኝ እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን" እላታለሁ። እሷ እኮ የጤና መድህን ደብተር አላት! በአመት አንዴ መዋጮዋን ከፍላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታከማለች። እኔ አሜሪካ ቁጭ ብዬ የምታከምበት የለኝም ብዬ እንዴት ልንገራት፣ አልነገርኳትም።

የደረሰብኝን ነገር ትንሽ ልናገር፣ የማንንም ስም አልጠራም። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኢንሹራንስ የለኝም ስላት ድምጿን ከፍ አድርጋ "ታዲያ በምን ልትከፍል ነው" አለችኝ፣ ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ። ዶክተሩን ለማየት ብቻ ቅድሚያ የጠየቁኝ ብር የኔ የአንድ ሳምንት ደሞዝ ነው፣ ዞሬ ወጣሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስራ ላይ አዙሮኝ ወደቅኩና አምቡላንስ ጠርተው ኢመርጀንሲ ወሰዱኝ፣ ስድስት ሰዓት ኮሪደር ላይ ተኝቼ በደም ስሬ ፈሳሽ ሰጡኝ፣ ስኳርህ ከፍ ብሏል የራስህን ዶክተር አማክር ብለው ወረቀት አስይዘው ሸኙኝ። የራሴ ዶክተር ማነው? ኢመርጀንሲ ብር የለህም ብሎ ሳያይህ ሊመልስህ አይችልም፣ በፈረንጆች ከ1986 ጀምሮ ሕግ ነው አሉ፣ ግን ሕጉ ቢል አትላኩ አይልም። በሶስተኛው ሳምንት 4,800 ዶላር የሚል ፖስታ መጣ። ፖስታውን ከፍቼ አልጋው ጫፍ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከዛ በኋላ ፖስታ መክፈት ራሱ ተውኩ፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር የምከታቸው።

እንደዚህ ሆኜ ነው አንዲት አብራኝ የምታጸዳ እህታችን እግሬን ስጎትት አይታ "ለምን አርሊንግተን ፍሪ ክሊኒክ አትሄድም" ያለችኝ። እውነቱን ልናገር ነፃ ሲባል አላመንኩም። ነፃ ነገር ወይ ጥራት የለውም ወይ በኋላ ቢል ይመጣል ብዬ ነው ያሰብኩት፣ በዛ ላይ መለመን መሰለኝ። እሷ ግን አልተወችኝም፣ ራሷ ደውላ ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጠየቀችልኝ፣ አርሊንግተን መኖሬን የሚያሳይ፣ ገቢዬን የሚያሳይ፣ በቃ። እኔን ስለ ኢሚግሬሽን አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም፣ ይሄን የምጽፈው ብዙ ሰው ይሄን ፈርቶ እንደሚቀር ስለማውቅ ነው።

ክሊኒኩ ከ1994 ጀምሮ አለ፣ እኔ እዚሁ ሰፈር ስኖር በፊቱ ስንት ጊዜ በአውቶቡስ አልፌአለሁ። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ኢንሹራንስ ለሌላቸው አዋቂዎች ነው፣ ከሚያክሙት ዶክተሮችና ነርሶች ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ማለት አይከፈላቸውም። ገና ስገባ ጠረጴዛው ጋ ያሉት አንድ ትልቅ ሰው ስሜን ሁለቴ ጠይቀው በትክክል እስኪጠሩት ድረስ ሞከሩ። ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል፣ ለኔ ትልቅ ነው፣ በዚህ አገር ስሜን ልጥራው ብሎ የሚለፋ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ከዛ ዶክተሯ ጋ ገባሁ። ከሰባ በላይ የሚሆኑ ነጭ ሽማግሌ ሴት ናቸው፣ ጡረታ ወጥተው ነው በነፃ የሚያገለግሉት። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ስማቸውን አልጽፍም። እንግሊዝኛዬ ለስራ ይበቃኛል ለህመም ግን አይበቃም፣ ሳልጠይቃቸው ስልኩን ስፒከር ላይ አርገው አማርኛ አስተርጓሚ አስገቡልኝ፣ ከስልኩ ውስጥ "ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ዶክተሯ የሚሉትን ሁሉ እነግርሃለሁ፣ አንተም ሳታፍር ንገራቸው" የሚል የሴት ድምፅ ሲወጣ እንባዬ መጣ። ሌላ ቦታ እኮ የአጎቴን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ነበር የማስተረጉመው፣ የ13 አመት ልጅ ነው፣ በሱ ፊት ስንቱን ነገር ዋጥኩት።

ዶክተሯ ብዙ ጠየቁኝ፣ ከዛ "ጫማህን አውልቅ" አሉኝ። እኔ አልፈለግኩም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የዋልኩበት ጫማ ነው፣ ከስራ ቀጥታ ነው የሄድኩት፣ ካልሲው ራሱ ከጣቴ ጋር ተጣብቆ ነበር። እግሬ ምንም አላለኝም ደህና ነው አልኳቸው። አስተርጓሚዋ ነገረቻቸው። እሳቸው ምንም አልመለሱም፣ ዝቅ ብለው መሬቱ ላይ ተንበረከኩ፣ የጫማዬን ክር ፈቱ፣ ካልሲውን ውሃ እያረሰረሱ ቀስ እያሉ ላጡት።

እዚህ ጋ ያለኝን ስሜት ለሀበሻ ካልሆነ ለማን እነግራለሁ። እኛ ቤት አባቴ ከመንገድ ሲገባ ውሃ አሙቄ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ፣ እንግዳ ሲመጣም እንደዛው፣ ታናሽ ነው የታላቅን እግር የሚያጥበው። እናቴን የሚያክሉ ሰው መሬት ተንበርክከው እግሬን ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡት ልሸሽ ነው የፈለግኩት፣ እባክዎ ይነሱ ይነሱ እያልኩ በአማርኛ ነው የምለምናቸው፣ አስተርጓሚዋም ምን እየሆነ እንደሆነ አይታያት "ምን ሆንክ ወንድሜ?" ትለኛለች። ነገርኳት። ነገረቻቸው። ዶክተሯ ቀና ብለው አዩኝና "ስራዬ ነው፣ እግርህን ካላየሁ አንተን አላየሁህም ማለት ነው" አሉ።

ከዛ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ክር የመሰለ ነገር አወጡ፣ አይንህን ጨፍን፣ ሲነካህ ንገረኝ አሉኝ። ጨፈንኩ። እጠብቃለሁ እጠብቃለሁ ምንም የለም። መቼ ነው የሚጀምሩት ብዬ አይኔን ብከፍት ለካ ጀምረው ቆይተዋል፣ ክሩ ትልቁ ጣቴ ስር ተጫኖ ጎብጦ በአይኔ እያየሁት ነው፣ ግን አይሰማኝም። የራሴ እግር እኮ ነው። ያኔ ነው የፈራሁት። ከጣቴ ስር ሳንቲም የሚያህል ቁስል ነበረ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ አላውቅም፣ ስላላመመኝ የለም ብዬ ነው የኖርኩት። አሁንም አሁንም የምለው ይሄን ነው፣ ስኳር ያለባችሁ ሰዎች አላመመኝም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ቁስሉን እንዴት እንዳጸዱት፣ ምን ምን እንደቀቡት አልገባኝም፣ ዝርዝሩን አትጠይቁኝ፣ ብቻ ሳይቸኩሉ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጋቸው በፊት እየነገሩኝ ነው የሰሩት። አስተርጓሚዋ "ሁለት ሶስት ሳምንት ብትቆይ ጣትህን ላናተርፈው እንችል ነበር እያሉህ ነው" ስትለኝ ድምጿ ተቀየረ። ኢንፌክሽኑን የሚያጠፋውንም የስኳሩንም መድኃኒት እዛው ክሊኒኩ ውስጥ ካለው ፋርማሲ በነፃ ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ደርሼ ተመልሼ "ስንት ነው" ብዬ ጠየቅኩ፣ ምንም አሉኝ፣ በኋላስ ቢል ይመጣል ወይ አልኩ፣ አይመጣም አሉ። አልመጣም። ይኸው ስምንት ወሩ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዶክተሯ ስድስት ጥንድ ነጭ ካልሲና አንዲት ትንሽ የእጅ መስታወት ሰጡኝ። ነጭ የሆነው ደም ወይ ፈሳሽ ከወጣ ቶሎ እንዲታየኝ ነው፣ ጥቁር ካልሲ ይደብቃል። መስታወቱ ደግሞ የእግሬን ታች ለማየት ነው። ይሄው እስከዛሬ ማታ ከስራ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ያቺን ፖስታ የከፈትኩባት ቦታ፣ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም እግሬን በመስታወት አያለሁ። ቁስሉ ድኗል። የሶስት ወር ስኳር የሚሉት ምርመራ 11.6 ነበር አሁን 7.3 ነው፣ ምን እንደሚለካ በደንብ ባይገባኝም ዶክተሯ ቁጥሩን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አጨበጨቡልኝ።

ሌላም አለ። መሳቢያ ውስጥ ያጎርኩትን ፖስታ ለአንዷ ሰራተኛቸው ነገርኳት፣ ሁሉንም ይዘህ ና አለችኝ። አብራኝ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ከፈተችው። ለካ ነን ፕሮፊት ሆስፒታል የሆነ ሁሉ መክፈል ለማይችል ሰው የእርዳታ ደንብ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፣ ቻሪቲ ኬር ይሉታል፣ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይቻላል። ለኔ ቢሉ ከመጣ ገና አራተኛ ወሩ ነበር። ፎርሙን አብራኝ ሞላች፣ በሁለት ወሩ 4,800ው ዜሮ ሆኖ መጣ። ቢሉን የላኩልኝ ሰዎች ይሄ ነገር እንዳለ አንዴም አፍ አውጥተው አልነገሩኝም፣ በጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፎ ነበር። እባካችሁ ፖስታችሁን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱ፣ ገልብጣችሁ አንብቡ!

አሁን ጥቆማዬ። አርሊንግተን የምትኖሩ በቀጥታ አርሊንግተን ፍሪ ክሊኒክ ደውሉ፣ ዝም ብላችሁ አትሂዱ መጀመሪያ ደውሉ። አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ኔበርሁድ ሄልዝ አለ። ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ሞንጎመሪ ኬርስ የሚባለውን ጠይቁ፣ ኢንሹራንስ ለሌላቸው አዋቂዎች ነው፣ ሞባይል ሜድ ከ1968 ጀምሮ እዛ ካውንቲ ይሰራል፣ ጌተርስበርግ ደግሞ መርሲ ሄልዝ ክሊኒክ አለ። ዲሲ ያላችሁ ሜሪስ ሴንተር አለላችሁ፣ 1988 ላይ የተከፈተ ነው። ሁሉም ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደሉም፣ አንዳንዶቹ በገቢያችሁ ልክ ትንሽ ያስከፍላሉ፣ ግን መክፈል አልቻልክም ብለው ከበር አይመልሷችሁም። ሌላ ስቴት ያላችሁም "ፍሪ ክሊኒክ" ብላችሁ የከተማችሁን ስም ጨምራችሁ ፈልጉ፣ አይጠፋም። አስተርጓሚ ደግሞ "አማሪክ" ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ ልጆቻችሁን አታስቀሩ።

በዚህ አገር ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከ25 ሚሊዮን በላይ ነው። እኔ ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነበር የተደበቅኩት። ፓርኪንግ የምትሰሩ፣ ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ ቤት ለቤት አረጋውያን የምትጠብቁ እህቶቼ፣ ስኳር ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ኪኒን ለሁለት የምትሰብሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ ምክንያቱም እኔም ነበርኩ። ሂዱ። ዛሬ ደውሉ። አፍሬ ነው እንዳትሉኝ፣ እኔ የተጣበቀ ካልሲ ይዤ ነው የሄድኩት።

ለዶክተሬ፣ ለዛች በስልክ ብቻ ለማውቃት አስተርጓሚ እህቴ፣ ፎርም ለሞላችልኝ ልጅ፣ ስሜን ለጠሩኝ አባት፣ እና ጎትታ ለወሰደችኝ የስራ ጓደኛዬ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እማዬንም ባለፈው እሁድ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ አለቀሰች፣ ከዛ "ያቺን ሴትዮ ስሟን ንገረኝ፣ በጸሎት ላስባት" አለችኝ፣ እንደምንም ፊደል በፊደል አስጠናኋት። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ ረቡዕ ማታ ድፎ ዳቦ የምትደፋልኝ እህት አግኝቻለሁ፣ ለክሊኒኩ ሰዎች ሁሉ የሚበቃ ትልቁን አዝዣለሁ።