ሰኔ ላይ ተማሪ ይዞ ፋሲል ግቢ፦ የአንዲት ርዕሰ መምህርት አስተያየት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ትምህርት ቤት የምትመሩ ከሆነና ዓመቱን በምን እንደምትዘጉ የምታስቡ ከሆነ፣ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ፋሲል ግቢ ሂዱ። ያለ አስጎብኚ ግን አትሂዱ።

ጎንደር ውስጥ የአንድ አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። በሥራው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከመጨረሻው ፈተና እስከ ሰኔ 30 ያሉት ቀናት ከባድ ናቸው። መምህሩ ማርክ ይደምራል፣ ሮስተር ይሠራል፣ ካርድ ይሞላል። ተማሪው ግን ሥራ የለውም። ግማሹ ይቀራል፣ የመጣውም ግቢ ውስጥ ሲንከራተት ይውላል። ዓመቱን ሙሉ የተያዘ ቂም ካለ ደግሞ «ሰኔ ሰላሳ እንገናኝ!» መባሉ አይቀርም። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። እጃቸው ላይ የሚይዙት ነገር ስለሌለ ነው። ስምንተኛ ክፍሎች ደግሞ ከኛ ጋር ጨርሰው የሚለያዩ ናቸው። ስምንት ዓመት አብሮ የተማረ ልጅ ካርዱን ተቀብሎ ዝም ብሎ ሲሄድ ማየት አልወድም።

ጉዳዩን ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ጋር ስንመክርበት አንድ አባት «እዚሁ የተወለደ ልጅ ፋሲል ግቢን ምን ብሎ ይጎበኛል?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ክፍል ገብተን ስንጠይቅ ግን ብዙዎቹ በአጥሩ ሥር በየቀኑ እያለፉ ውስጡን አይተው አያውቁም። ያዩትም የዘመድ ሠርግ ሲኖር ሙሽሮቹን ተከትለው ለፎቶ የገቡ ናቸው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። አስጎብኚውን ቀደም ብለን አግኝተን ሁለት ነገር ነገርነው። የሚመጡት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሌክቸር ሰምተዋል። ወጣት ነው፣ የጎንደር ልጅ። ሥራውን የወደድኩለት ከመናገሩ በፊት ስለሚጠይቅ ነው። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ፊት አቆማቸውና «ይሄ ጣሪያው የት ሄደ?» አላቸው። አንዷ «አርጅቶ ነው» አለች። ሌላው «ጣሊያን አፍርሶት ነው» አለ። ሁሉንም ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የነገራቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ጣሊያኖች ግቢው ውስጥ ስለነበሩ እንግሊዞች ከአየር ላይ ደበደቡት። ጣሊያን ያለው ልጅ «ታዲያ ግማሹን አግኝቻለሁ!» አለ። እውነቱን ነው፣ አግኝቷል። እኔ ይህንን ታሪክ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ልጆች እንዲህ ሲከራከሩበት ግን አይቼ አላውቅም።

ከመሄዳችን በፊት ተማሪዎቹን በቡድን ከፍለን ለየቡድኑ አንድ አንድ ሕንፃ ሰጥተን ነበር። አንዱ የፋሲልን፣ አንዱ የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው የዳዊትን፣ የበካፋን፣ የእቴጌ ምንትዋብን። አንብበው መጡ። አስጎብኚው ይህን ሲያውቅ የየቡድኑን ልጆች ፊት ለፊት እያወጣ አስቀድመው እነሱ እንዲያስረዱ አደረገ። ካጎደሉ ይሞላል፣ ካልተሳሳቱ ዝም ይላል። ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ተራው የደረሳት የመጨረሻ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምተን የማናውቅ ልጅ ነበረች። «ንጉሥ ሆኖ መጽሐፍ ቤት የሠራ ሰው ማንበብ ይወድ ነበር ማለት ነው» ብላ ጀመረች። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ዞር ብላ አየችኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ይቺን ልጅ ዓመቱን ሙሉ በወረቀት ፈተና ብቻ ነው የለካናት።

የሒሳብ መምህራችንም የራሱን ሥራ ይዞ መጥቷል። ጠዋት ፀሐይ ስለነበረ ዱላ አቁሞ ጥላውን አስለካቸው። ቀጥሎ የፋሲልን ግንብ ጥላ አስለካና ከፍታውን እንዲያሰሉ አዘዘ። ግንቡ 32 ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ መልሱ ከቡድን ቡድን ተለያየ፣ ክርክሩም ጦፈ። 900 ሜትር የሚሆነውን የግቢውን አጥር በእርምጃ እንለካ ያሉም ነበሩ፤ ጊዜ አልበቃም። ለእኔ ከጉብኝቱ ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል። የጎነ ሦስት ትምህርት ምን እንደሚሠራ ልጆቹ ያወቁት እዚያ ነው።

ከወላጆች ጥቂቶቹ አብረውን መጥተዋል። ምሳ ያዘዝንበት ቤት በጣም ዘገየብን፤ የሕፃናት ምሳ የሚቀበል ሰው እንዲህ ማድረግ የለበትም። ያዳነን እናቶቹ ይዘውት የመጡት ድፎ ዳቦና ቆሎ ነው። እነሱ እየቆረሱ ሲያድሉ የማን ልጅ የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ጠዋት ሂዱ። ሰኔ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው፣ ድንጋዩም ያዳልጣል። ፎቅ ስትወጡ በትንንሽ ቡድን ይሁን፣ በየደረጃው አንድ መምህር ይቁም። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ የንጉሥ ዙፋንና ዕቃ አያለሁ ብሎ የሚመጣ ልጅ እንዳያዝን አስቀድማችሁ ንገሩት። የፋሲልን መዋኛ በዚያው ቀን አትጨምሩ። ከግቢው ራቅ ይላል፣ ልጆቹም ይደክማሉ። ከግቢው ስትወጡ ጃንተከል ዋርካ ሥር አረፍ ብትሉ ግን ይበቃል። የአስጎብኚውን ክፍያ በር ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። የኛ ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ ነው የተከፈለው፤ መክፈል ያልቻለ ልጅ እንዳይቀር ኅብረቱ ሸፍኗል። ይሄ ቅድመ ሁኔታ ካልተሟላ ጉብኝቱ ባይደረግ እመርጣለሁ።

ከጉብኝቱ በኋላ የቀሩት ቀናት ሥራ አገኙ። ተማሪዎቹ ያዩትን በትልልቅ ወረቀት ላይ ሣሉ፣ ጻፉ። ሰኔ 30 ዕለት ወረቀቶቹን በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍናቸው። ካርድ ሊቀበል የመጣ ወላጅ ሁሉ ልጁ እጁን ይዞ እየወሰደ አስረዳው። የምንትዋብ ቡድን ወረቀት ላይ «እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱን ሠራ እንጂ የአባቱን አላፈረሰም» የሚል ተጽፎበታል። ማን እንደጻፈው ጠይቄ፣ ሁላችንም ነን አሉ። አንዲት እናት ካርዱን ሳይከፍቱ በእጃቸው ይዘው «መምህርት፣ እኔ እዚሁ ጎንደር ተወልጄ አርጅቼ ይሄን ዛሬ ከልጄ ሰማሁ» አሉኝ። ልጁ ደረጃ ከሚወጡት አይደለም። በዚያች ሰዓት ግን እናቱን የሚያስተምር ልጅ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ቆይተው ነው ካርዱን የከፈቱት።

ለአስጎብኚው ከ5 ሙሉውን 5 እሰጣለሁ። ለከርሞ ስድስተኛ ክፍሎችንም ለመጨመር ኅብረቱ ተስማምቷል፤ እነሱን ግን በሌላ ቀን፣ ለብቻቸው ነው የምንወስዳቸው። ሰኔ ላይ አስጎብኚ እንዳናጣ ቀኑን አስቀድመን ግንቦት ላይ ለማስያዝ አስበናል።