መሪው ለሚርገበገብ አሮጌ ክሩዘር፦ የኮምቦልቻው ሞተር ጋራዥ

ታፔላ የለውም። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወጣው መንገድ ባጃጆች ተራ ይዘው የቆሙበት የቆርቆሮ በር ካያችሁ እሱ ነው። ሰው ሁሉ «ጋሼ ጋ» ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበለው። ነገሩን አላስረዝምባችሁ፦ አሮጌ ክሩዘር (መኪናውን ሳይሆን ወንበሩ ዝቅ ያለውን ሞተር ሳይክል ማለቴ ነው) ኖሯችሁ በፍጥነት ላይ መሪው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ እኔ ካየኋቸው ጋራዦች የሚበልጠው የለም። ጎማ ለመግዛት ግን እንዳትሄዱ፣ እሱን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሞተሬ ያማሃ ቪራጎ 535 ናት። ለማታውቋት፦ ወንበሯ ዝቅ ያለ፣ የፊት እግሮቿ ወደ ፊት የተዘረጉ፣ የፊት ጎማዋ 19 ኢንች የኋላው 15፣ ሰንሰለት የሌላት፣ በዘንግ የምትነዳ። መመረት የጀመረችው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኟት ሁሉ አሮጊት ናት። ከተማ ውስጥ ደስ ትላለች። ከሐርቡ አልፎ ወደ ከሚሴ፣ የቦርከና ሜዳ ላይ መንገዱ ሲዘረጋ ግን ነገር ይመጣል፤ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስትጠጋ መሪው እጅ ላይ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ መምታት ይጀምራል፣ ነዳጅ ስትቀንሱ ደግሞ ለአፍታ ይብሳል።

ደሴ ያለ አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቅር) የመሪውን ዳዶ በትልቅ ቁልፍ ጨክኖ አጠበቀና «በቃ፣ አለቀ» አለኝ። መርገብገቡ ቀነሰ፣ አልዋሽም። ግን ፒያሳ ላይ በሰው መሃል በዝግታ ስሄድ መስመር አልይዝ አለች፣ እንደ ሰካራም ወዲህ ወዲያ። ሞተር ሚዛኑን የሚጠብቀው መሪው ራሱ በትንሽ በትንሹ እየዞረ ነው። ያንን ስታንቁበት ሥራውን ሁሉ በእጃችሁ ልትሠሩለት ነው ማለት ነው።

ጋሼ ጋ ስደርስ ቁልፍ እንኳን አላነሳም።

«ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?»

«ከደሴ፣ ጋሼ።»

«ሐረጎን ወርደህ? አብሽር፣ በል ቡና ጠጣ፣ ጎማው ይብረድ።»

ይሄ ሰበብ አይደለም። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ሌላ ነው። ያንን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬን እየያዘ የወረደ ጎማ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚግል መለኪያው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ብዙ ጎሚስታ ያኔ «በዝቷል» ብሎ ያስተነፍሰዋል፣ ማታ ሲበርድ ጎማው ጎድሎ ያድራል። የጎደለ ጎማ ደግሞ አንዱ የመርገብገብ ምክንያት ነው። ለኔዋ ለብቻ ስነዳ በቀዝቃዛው የፊቱ 28፣ የኋላው 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ነው። እናንተ የራሳችሁን ሞተር መመሪያ እዩ፣ የጎረቤታችሁን አትቅዱ።

ቡናው ካለቀ በኋላ ከርካሹ እየጀመረ ወደ ውዱ ነው የሚሄደው፣ የወደድኩለትም ይሄንን ነው። መጀመሪያ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አነበበልኝ። የፊቱ 2211 ይላል። በ2011 በ22ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። «በ2011 የተሠራ፣ ገና አዲስ ነው» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ሊሸጥላችሁ የሚሞክር አይጠፋም፣ ጠንቀቅ በሉ። ጥርሱ አለ፤ ግን ላስቲኩ ደርቋል፣ አበላሉም ወጣ ገባ ሆኗል። ከዚያ የቸርኬውን ሽቦዎች በካቻቪቴ አንድ በአንድ መታ መታ እያደረገ ድምፃቸውን ሰማ። የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የላላው ድምፁ ይታፈናል።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሯን ከሥሯ በክሪክ አነሳት፣ የፊት ጎማው አየር ላይ ቀረ። ያ የታነቀውን ዳዶ አላላና መሪውን በአንድ ጣት ከዳር እስከ ዳር አዞረው፤ ልክ ቀጥ ሲል ቀጭ ብሎ ይያዛል። «አንተም ሞክረው» አለኝ፣ ሞከርኩት፣ በጣት ይታወቃል። መሪ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖረው ቀጥ ብሎ ነው፤ ጉድጓድ በመታችሁ ቁጥር መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ ኳሶች ያንኑ አንድ ቦታ ይቀጠቅጡታል፣ በዓመታት ውስጥ ትንንሽ ጎድጓዳ ያወጡበታል፣ መንገዳችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። እንዲህ የሆነን ኩሽኔታ ማጥበቅ አያድነውም፣ መቀየር ነው።

አሮጌውን አውጥቶ ውስጡን፣ ውጩንና ውፍረቱን በካሊፐር ለካና አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ወደሚያውቀው ሰው ደወለ። ያስመጣው የኳሱን ዓይነት ሳይሆን ሾጣጣ ሮለር ያለውን ነው። ሮለሩ ጫናውን በነጥብ ሳይሆን በመስመር ስለሚሸከም ቶሎ አይጎደጉድም። ግሪስ አጥግቦ አስገባው። ሲያጠብቅ ደግሞ ልኩ አለው፦ ጎማው አየር ላይ ሆኖ መሪውን ከመሃል ትንሽ ገፋ ስታደርጉት በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ወደ ዳር መውረድ አለበት፣ የፊት እግሮቹን ከታች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትነቀንቁም ቋ ቋ ማለት የለበትም። «ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተህ ተመለስ፣ ቦታውን ሲይዝ ይላላል» አለኝ። ተመለስኩ፣ ላልቶ ነበር፣ በነፃ አስተካከለው።

የመሪ ዳምፐር (የመሪውን መርገብገብ የሚያፍን ዕቃ) ግጠምልኝ ብዬው ነበር። «እሱ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም» ብሎ እምቢ አለ። ገንዘብ የሚያስገኝለትን ሥራ እምቢ የሚል መካኒክ ስንት አይታችኋል? ይልቅ ከመቀመጫው ኋላ ከፍ ብሎ የታሰረውን ሳጥን አስፈታኝ። ክብደት ከኋላ ጎማው ወዲያ ሲንጠለጠል ፊቱ ይቀላል፣ የቀለለ ፊት ደግሞ ይርገበገባል። መሪያችሁ ላይ ትልቅ የንፋስ መከላከያ የገጠማችሁም ይሄ ይመለከታችኋል።

አሁን ሜዳው ላይ መሪው ጸጥ ብሏል። ሰው አፈናጥጬ፣ ንፋስ ሲኖር ግን ጀርባዋ አሁንም ወዝወዝ ትላለች። ይሄ ሌላ በሽታ ነው፣ አታደባልቁት። የመሪው ፈጣን ነው፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይመታል፤ የጀርባው ዝግ ያለ ሆኖ ሞተሩን ከነነጂው ያወዛውዛል። የኔ የኋላ ሾኮች ደክመዋል። የኋላ ጎማውን የያዘውን ክንድ ወደ ጎን ነቅንቆ አየው፣ ደህና ነው። «ሾኩን ብር ስታገኝ እንቀይረዋለን፣ እስከዚያ ሰው ጭነህ አትሩጥ» ተብያለሁ።

መንገድ ላይ ቢጀምራችሁስ? ጋሼ የሚለው ይሄን ነው፦ መሪውን አንቃችሁ አትያዙ፣ የፊት ፍሬን አትንኩ፣ ነዳጁን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፣ ታንኩን በጉልበታችሁ ያዙ፣ ደረታችሁን ወደ ፊት ዝቅ አድርጉ። ሆን ብላችሁ እጃችሁን ለቃችሁ «ይርገበገብ ይሆን?» እያላችሁ መሞከር የሚባል ነገርም የለም።

ቅሬታዬ ደግሞ ይሄ ነው። ጎማ የለውም። 19 ኢንች የክሩዘር ጎማ ከአዲስ አበባ ራሳችሁ ማስመጣት አለባችሁ። የጎማ ባላንስ ማሽንም የለውም፣ ጎማውን በዘንጉ ላይ አንጠልጥሎ ከባዱ ወገን ሲወርድ እያየ ነው የሚሠራው። ይሠራል፣ ግን ጊዜ ይበላል። ደረሰኝ አትጠይቁት። ባጃጅ ከመጣ ሞተራችሁን ትቶ ይሄዳል፣ ምክንያቱም «እሱ እንጀራው ነው፣ ያንተ ሽርሽር ነው» ይላል፣ መልስ የለኝም። የጉልበት ዋጋው ግን አዲስ አበባ ከጠየቁኝ በእጅጉ ያንሳል፣ አሮጌውንም ዕቃ በእጃችሁ ይሰጣችኋል።

ዓርብ ከጁምዓ በፊት ወይም ከሰዓት ድረሱ። ሰኞ ጠዋት አትሞክሩት፤ የባቲ ገበያ ቀን ስለሆነ ወደዚያ የሚሄደው ሁሉ ቀድሟችሁ ተሰልፏል።