ቶስትማስተርስ፦ በሥራ ቦታ ሐሳቡን አጥርቶ ማስረዳት ለሚፈልግ ሰው ምን ይሰጣል?

በሥራ ቦታ ሐሳባቸውን አጥርተው ማስረዳትና ማሳመን ለሚፈልጉ ሰዎች ቶስትማስተርስን፣ ማለትም አባላቱ በክለብ እየተሰበሰቡ በሰው ፊት መናገርን የሚለማመዱበትን ድርጅት፣ የምመክረው አንደበተ ርቱዕ ያደርጋል ብዬ ሳይሆን፣ አድማጭ የታዘበውን ፊት ለፊት የሚነግረን ሌላ ቦታ እምብዛም ስለማይገኝ ነው። በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የተንዛዛ ሪፖርት ያቀረበ ሰው «እናመሰግናለን» ተብሎ ይቀመጣል እንጂ፣ ነጥቡ የቱ ጋ እንደጠፋ የሚነግረው የለም።

ድርጅቱን ራልፍ ስሜድሊ እ.ኤ.አ. በ1924 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ አና ከተማ፣ በወወክማ ሕንፃ ውስጥ ጀመሩት፤ ዛሬ አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ አገሮች ክለቦች አሉት። ቋሚ መምህር የለውም፤ አባላቱ ተራ በተራ ተናጋሪ፣ ገምጋሚና ሰዓት ተቆጣጣሪ ይሆናሉ።

ከመሥሪያ ቤት ውሎ ጋር በጣም የሚቀራረበው «ቴብል ቶፒክስ» የሚባለው ክፍል ነው። ተሳታፊው አስቀድሞ ያላወቀው ጥያቄ ይቀርብለትና ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይመልሳል፤ አረንጓዴው ምልክት 1 ደቂቃ ሲሞላ፣ ቢጫው በ1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ ቀዩ በ2 ደቂቃ ይታያል። ኃላፊያችን በድንገት «ሥራው ለምን ዘገየ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚታገሠን ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ብዙዎቻችን ነገሩን ከሥር መሠረቱ ተርከን መልሱን መጨረሻ ላይ ማምጣት ስለለመድን፣ ቢጫው ሲታይ ገና መግቢያው ላይ እንገኛለን፤ ይህን ደጋግሞ ያየ ሰው መልሱን አስቀድሞ ምክንያቱን ማስከተል ይጀምራል። «እ…»፣ «እንትን»፣ «ማለት ነው» የመሳሰሉትን የሚቆጥር ሰውም ይመደባል፤ ይህኛው ጠቃሚ ቢሆንም ፍሬ ያለውን ሐሳብ የሚጥለው የ«እ…» ብዛት ስላልሆነ፣ ብዙ ባይጨነቁበት እመርጣለሁ።

የአገልግሎቱ ትልቁ ሀብት ግምገማው ነው። «ፓዝዌይስ» በተባለው የትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ያለ አንድ ፕሮጀክት፣ አባሉ ንግግር አቅርቦ አስተያየት ከተቀበለ በኋላ በአስተያየቱ መሠረት አሻሽሎ እንደገና እንዲናገር፣ ከዚያም እርሱ በተራው ሌላ ተናጋሪ እንዲገመግም ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ሠራተኞች ለሚያስተዳድር ሰው ከሁሉም ይበልጣል፤ ባልደረባን ሳያስቀይሙ፣ ግን ሳይሸፋፍኑ ጉድለቱን መንገር የሚለመደው እንዲህ ባለ ልምምድ ነውና።

ጉድለቱም መነገር አለበት። መርሐ ግብሩ በዋናነት የቃል ንግግር ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ በሥራ ቦታ ግን ብዙው የማሳመን ሥራ የሚሠራው በኢሜይል፣ በማስታወሻና በፕሮፖዛል ነው። የክለቡ አድማጭም ሊያበረታታን የመጣ ነው፤ በጀት ሊከለክለን የሚችል የፋይናንስ ኃላፊ አይደለም። ስለዚህ አባል የሚሆን ሰው አጠቃላይ ርእስ ከመምረጥ ይልቅ በእርግጥ ለአለቃው ሊያቀርበው ያሰበውን ጥያቄ ከነቁጥሩ ይዞ ቢናገርና ገምጋሚውን «ምን እንድትወስን ጠየቅኩህ?» ቢለው ብዙ ያተርፋል።

ብዙ ክለቦች የሚሰበሰቡት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የሥራ ቋንቋው አማርኛ የሆነ ሰው ይህን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል። ዓለም አቀፉ የአባልነት ክፍያ በየ6 ወሩ የሚከፈልና በዶላር የተተመነ መሆኑም ሊታሰብበት ይገባል። እንግዳ ሆኖ መታደም ስለሚቻል፣ ከመመዝገብ በፊት ከአንድ በላይ ክለብ ተገኝቶ ገምጋሚዎቹ ለይተው የሚናገሩት ነገር ይኑራቸው ወይስ «በጣም ጥሩ ነበር» ብቻ ይበሉ እንደሆነ ማዳመጥ ይሻላል።