ደብረ ብርሃን ላይ መንኮራኩር የሚያሳምር ልጅ አለላችሁ

ይህ ጽሑፍ ምስጋና ነው፤ ጥቆማም ነው። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚቀባ ልጅ አለ። አንዳንዴ የሱቅ ታፔላም ይሠራል። እኔ የወሰድኩለት ግን ትልቅ የልጆች መጫወቻ መንኮራኩር ነው። አሁን የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ የገባ ሁሉ ቆሞ ሳያየው አያልፍም። ስሙንና ስልኩን አደባባይ እንዳላወጣበት ለምኖኛል። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ግን ፈቅዷል፣ ስለዚህ ጠይቁኝ።

ከዕቃው ልጀምር። አሜሪካ ያለችው እህቴ ልጇ አድጎ የተወውን የፕላስቲክ ሹትል በሻንጣ ይዛልኝ መጣች። ሹትል የምለው ናሳ በፈረንጆቹ ከ1981 እስከ 2011 ሲያመላልሰው የነበረውን፣ በሮኬት ኃይል ወጥቶ በክንፉ እየተንሸራተተ የሚያርፈውን መንኮራኩር ነው። መጫወቻው 75 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እውነተኛው 37 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር እዚያ ግማሽ ሜትር ነው። ለፊዚክስ አስተማሪ ይህ ሲሳይ ነው። ልጆቹ ማስመሪያ ይዘው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ይለካሉ፣ በ50 ያባዛሉ፣ ወደ 24 ሜትር ያገኛሉ፣ ከዚያ ሜዳ ወጥተው በእርምጃ ያሰምሩታል።

ችግሩ መልኩ ነበር። ፕላስቲኩ ከመጠን በላይ ያብረቀርቃል። ጎማዎቹ ቢጫ ናቸው። ጀርባው ላይ ቀይ ቁልፍ አለ፣ ሲጫኑት ይጮኻል። ሆዱ ላይ የባትሪ ክዳን፣ የድምፅ ማጉያ ቀዳዳና በየቦታው የብሎን ጉድጓድ አለ። መስኮቶቹ ስቲከር ናቸው፣ ግማሾቹ ተላጥተዋል። አሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊት ይህን አቁሞ ስለ ጠፈር ማውራት ራስን ለሳቅ መስጠት ነው።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ አሳይቼው ነበር። ስም አልጠራም። ሰውየው ገልበጥ እንኳ ሳያደርገው «ሲልቨር ሜታሊክ እንርጨው፣ ያብለጨልጭልሃል» አለኝ። አመስግኜ ይዤው ወጣሁ።

የኛው ልጅ ጋ ስደርስ ባጃጅ ሥር ተኝቶ ነበር። ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገና ዕቃውን ተቀበለኝ። ገለበጠው፣ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። «ቲቸር፣ ዋናው ከምንድን ነው የተሠራው?» «ሲወርድ አየሩ በየት በኩል ነው የሚመታው?» «ስንት ጊዜ በርሯል?»

ሦስተኛዋን ስሰማ ዕቃው ቤቱን አገኘ አልኩ። አንዴ የበረረና ደጋግሞ የበረረ ነገር አንድ መልክ ሊኖረው አይችልም። ተነጋግረን ዲስከቨሪን እንሥራ ተባባልን። ዲስከቨሪ 39 ጊዜ በርሯል፣ ከሹትሎቹ ሁሉ ብዙ የበረረው እሱ ነው። ሀብል የሚባለውን ቴሌስኮፕ በ1990 ወደ ጠፈር ያደረሰውም እሱ ነው። ፎቶ ከኢንተርኔት አውርጄ በስልኩ ላክሁለት፣ እሱ ደግሞ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ከባጃጅ መለዋወጫ ዋጋ ዝርዝር አጠገብ ለጠፈው።

ሥራውን የጀመረው በማንሳት ነው። ይህን የምለው ብዙ ሰው ማሳመር ማለት መጨመር ስለሚመስለው ነው። በካቻቢቴ ሙሉ በሙሉ ፈታው። ድምፅ ማጉያውን፣ ቀይ ቁልፉንና የባትሪ ቤቱን አወጣ። ስቲከሩን በለብታ ውኃ አርሶ ላጠ። ሁሉንም በሳሙና አጠበ፤ ፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲኩ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚቀባ ቅባት ስለሚቀርበት ሳይታጠብ ቀለም አይዘውም አለኝ። ጉድጓዶቹን በመኪና ስቱኮ ደፈነ፣ ከደረቀ በኋላ በውኃ እየነከረ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ መጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎ ለስላሳውን። ሁለቱ የፕላስቲክ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ድራሹ ጠፋ። የጭነት ክፍሉ በሮች ጠርዝ ወፍራም ነበር። እውነተኛ በር እንዲህ ወፍራም ቢሆን ማን ያነሳዋል ብሎ ከውስጥ በኩል በሞረድ አሳሳው። ይህን እኔ አላዘዝኩትም፤ ዓይኑ ነው ያየው።

ቀለም ላይ ስንደርስ ልምዱን አየሁ። ባጃጅ የሚቀባበት ቀለም በቲነር ነው የሚቀጥነው፣ ቲነር ደግሞ ፕላስቲክ ይበላል። ሊጣል የነበረውን የባትሪ ክዳን ወስዶ ጠብ አደረገበት። ፊቱ ሟሟና ተጨማደደ። «አየህ ቲቸር፣ ሌላው ላይ ብጀምር ኖሮ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ከአዲስ አበባ አስመጣን፣ ከላም በረት በሚነሳ ሚኒባስ ተላከልን።

የከተማችንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋት ላይ እጅ ይቆረጥማል። እንዲህ ያለው ቀለም ደግሞ በብርድ በቅጡ አይደርቅም፣ ይንጠባጠባል ወይም ይፈዛል። ስለዚህ ልጁ የሚረጨው ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነበር። ነፋሱ አቧራ እንዳያመጣበት ትልቅ የቴሌቪዥን ካርቶን አጋድሞ ውስጡ ይረጫል። ስስ ይረጫል፣ ያደርቃል፣ ደግሞ ስስ ይረጫል። እኔ እቸኩላለሁ፣ እሱ ሥራው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሹትል ሆድ ጥቁር ነው። ከሲሊካ የተሠሩ፣ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚችሉ ንጣፎች ለብሷል። ዲስከቨሪ በጠቅላላው ወደ 24,000 ንጣፍ ነበረው። አንዱ ንጣፍ በግምት 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ነው፣ በኛ ሞዴል ሦስት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልጁ በተማሪ ኮምፓስ መርፌና በብረት ማስመሪያ ሆዱን በሙሉ አሰመረው። ግን እንዴት እንዳሰመረው ልንገራችሁ። በጣም በስሱ ነው። ፊት ለፊት ስታዩት ምንም የለም። ወደ ብርሃን ጋደል ስታደርጉት መስመሩ ብቅ ይላል። ለምን ጠለቅ አላደረግኸውም ስለው ወደ ራሴ ሒሳብ መለሰኝ፦ እውነተኛው ንጣፍና ንጣፍ መሀል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ከሆነ ለ50 ሲካፈል ከፀጉር ይቀጥናል። ጥልቅ መስመር መጫወቻነቱን ነው የሚያጋልጠው። ተማሪዎቼ ስኬልን እንዲህ ቢገባቸው ደስታዬ ነበር።

ሁሉንም ንጣፍ አንድ ጥቁር አልቀባም። በረራ ያየ ንጣፍ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ አዲስ የተተካው ደግሞ ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ ይለያል። ፎቶው ላይ ይህን ያየው እሱ ነው። እዚህም እዚያም በቀጭን ብሩሽ አንዳንዱን አጠቆረ። አፍንጫውና የክንፉ የፊት ጠርዝ ግን ከሌላ ነገር፣ ከተጠናከረ ካርቦን የተሠሩ ናቸው፣ ከሁሉም በላይ የሚግሉት እነሱ ናቸው፤ እነሱን ለብቻቸው ግራጫ አደረጋቸው።

ነጩ የላይኛው አካል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ብዙ ሰው ቆርቆሮ ይመስለዋል። ዲስከቨሪ ላይ አብዛኛው ከላይ የተሸፈነው ሙቀት በሚከላከል፣ እንደ ብርድ ልብስ ተደርቦ በተሰፋ ጨርቅ ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይህን ማስረዳት አላስቸገረኝም። ልጁ ወፈር ያለ ነጭ ቀለም በስፖንጅ ቁራጭ ጠቅ ጠቅ እያደረገ የጨርቅ ፊት አወጣለት። በላዩ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሲረጭበት ያ የመጫወቻ ብልጭታ ሞተ።

ቀጥሎ ቆሻሻው መጣ። የከሰል ዱቄት ፈጭቶ በለስላሳ ብሩሽ ከአፍንጫ ወደ ጅራት ሳበው። የመጀመሪያ ቀን ስለ አየሩ ያነሳት ጥያቄ ለዚህ ነበረች። የባጃጅ ጭቃ እንኳ የሚሄድበት አቅጣጫ አለው፣ ዝም ብሎ የተረጨ ቆሻሻ ውሸት መሆኑን ሰው ባያውቅም ይሰማዋል አለኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ጨምር ጨምር እለው ነበር። እንቢ አለ። «ቲቸር፣ ይሄ የበረረ ነው እንጂ የተቃጠለ አይደለም።» ለጥቆማ ያበቃኝ እንግዲህ ይህ ነው። ብሩሹን መቼ እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። ደንበኛ ስለከፈለ ብቻ እሺ አይልም።

የጭነት ክፍሉ ባዶ ነበር፣ ወለሉ ልሙጥ። ከተበላሸ ሬዲዮ፣ ከስልክ ቻርጀርና ከእስክሪቢቶ ቀፎ ለቅሞ ሳጥንና ቱቦ፣ ሽቦና መገጣጠሚያ አስመሰለ። የበሮቹ ውስጥ ሙቀት የሚያስወጡ ራዲያተሮች አሉ፤ እነሱን ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ በሚገኘው ብርማ ወረቀት ለበጣቸው። የካናዳው ሮቦት ክንድ በእውነተኛው 15 ሜትር ነው፣ ለኛ 30 ሴንቲ ሜትር። የአሮጌ ሬዲዮ አንቴና አመጣና በትከሻው፣ በክርኑና በአንጓው በኩል እንዲታጠፍ አደረገው። መጫወቻው ላይ ክንዱ መሀል ነበር የተተከለው። ልጁ ፎቶውን አይቶ ወደ ግራ በኩል አዛወረው፣ ትክክልም ነው። ተማሪዎቹ ሀብልን ከካርቶን ጥቅል 26 ሴንቲ ሜትር አድርገው ሠሩት፣ ክፍሉ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ።

መስኮቶቹን በስቶ ከኋላ ጠቆር ያለ ግልጽ ፕላስቲክ ለጠፈባቸው። ውስጥ ትንሽ ቢጫ መብራት አለ። ስታኞው ንጹሕ ነው፣ ማብሪያው ከጅራቱ ሥር ተደብቋል።

«ደብረ ብርሃን ላይ መንኮራኩር ምን ያደርጋል» ያላችሁኝ ነበራችሁ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይህን ከተማ የቆረቆሩት በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ መሆኑን ረሳችሁት እንዴ? በ1456 የታየው የሃሌ ኮሜት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ። ሰማይ በማየት የተመሠረተ ከተማ ውስጥ አንድ ሹትል ቢቀመጥ ምኑ ይገርማል።

ስለ ዋጋና ስለ ጠባይም ልናገር። የእጁን 6,000 ብር ተስማማን፣ የቀለሙን ለብቻ በደረሰኝ አሳየኝ፣ የተረፈውን ብር ሳልጠይቀው መለሰ። ከፋሲካ በፊት ባጃጁ ሁሉ ስለሚቀባ አልደርስም ብሎ ቀድሞ ነገረኝ፣ ባለው ቀን አስረከበኝ። ቀን ላይ ስልክ አያነሳም፣ እጁ ቀለም ነው፤ ከመሸ ደውሉ። ቦታው ከዋናው መንገድ ገባ ስለሚል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ያደናግራል። ሙዚቃውም ይጮኻል፣ ቀንስ ብትሉት ይቀንሳል። ደግሞ ቸኩላችሁ «ለነገ» የምትሉት ሥራ ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

መጫወቻ መኪና፣ የአውሮፕላን ሞዴል፣ ለዐውደ ርእይ የሚሆን የሕንፃ ሞዴል፣ የትምህርት መርጃ ያላችሁ ውሰዱለት። የዩኒቨርሲቲ ልጆች በተለይ ለመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ አስቡበት። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ክበቡ ውስጥ ያሉት ልጆችም አመስግንልን ብለውኛል።

አሁን ደግሞ ሹትሉ የሚጣበቅበትን ትልቁን የነዳጅ ታንክ ልንሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት በረራዎች ላይ ታንኩ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ቀርቶ ብርቱካናማው ፎም እንዲሁ ታየ፣ ወደ 270 ኪሎ ክብደት ቀነሰ። ይህን ስነግረው ልጁ ሥራውን አቁሞ «ቀለም ብቻውን?» ብሎ አፈጠጠብኝ፣ ሰሞኑን ድርብ ቀለም ለሚጠይቁት ባለ ባጃጆች ሁሉ እሱን ነው የሚያወራላቸው። ታንኩ በኛ ስኬል ርዝመቱ 94፣ ወርዱ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 160 የፒቪሲ ቱቦ ይቀርበዋል። ግንባታ ላይ ያላችሁ፣ አንድ ሜትር ቁራጭ የተረፈችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።